የምንታምር ጥልፍ

ሰኞ ጠዋት በደብረ ብርሃን ሰው ከሰው ጋር ከመነጋገሩ በፊት ከሣጥኑ ጋር ይነጋገራል። ሣጥኑ በየቤቱ በር አጠገብ፣ ድሮ የመብራት ቆጣሪ ይሰቀልበት በነበረው ቦታ ላይ ተሰቅሏል። እናት ልጇን ትቀሰቅስና ልጅቱ አፏን ሳትጉመጠመጥ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበትን ቀጭን እንጨት ከምላሷ ሥር ታደርጋለች፤ ከዚያ አውጥታ ሣጥኑ ውስጥ ትከተዋለች። ቤቱ ጸጥ ይላል። ጫማ የሚያስር ሰው ማሰሪያውን እንደያዘ ይቆያል። አረንጓዴው ሲበራና ከሣጥኑ ውስጥ የአንዲት ሴትዮ ድምፅ «ተስማምቷል» ሲል ጫማው ይታሰራል።

ሣጥኑ ጥጡን አንብቦ የሚልከው ወደ ማነጻጸሪያው ነው። ማነጻጸሪያው የት አገር እንደተቀመጠ የሚያውቅ ሰው የለም። አር ኤን ኤ የሚሉትን በሰው ምራቅ ውስጥ ያለ ክር ይወስድና እንዴት እንደታጠፈ፣ የት ላይ እንደተቋጠረ፣ የት ላይ ቀለበት እንደሠራ ይስላል። ሥዕሉን ባለቤቱ ሲወለድ ከተሳለው ጋር ደርቦ ያያል። ሰዉ ሥዕሉን ጥልፍ ብሎታል። ጥልፉ የተስማማለት ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ለእሱ ተብሎ የተቀመመ የወር የመድኃኒት ጠብታ ይሰጠዋል፣ አውቶቡስ ይሳፈራል። ሦስት ሰኞ ያልተስማማለት ልጅ ከከተማው ውጪ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ወዳለው ማቆያ ይወሰዳል። ከማቆያ የተመለሱ ልጆች አሉ። ስማቸው ሲጠራ ቶሎ አይዞሩም።

አስካለ ከሰኞ ይልቅ የምትፈራው እሑድን ነበር። ሰኞ ቢያንስ ያልቃል። እሑድ ማታ ግን የሰባት ዓመት ልጇን ምንታምርን ግንባሯን ትዳስሳለች፣ ጉሮሮዋን በባትሪ ታያለች፣ በቀን የበላችውን ሁሉ አንድ በአንድ ታስታውሳለች። ባሏ አፋር በረሃ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ላይ ስለሚሠራ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው። ፍርሃቱን የሚካፈላት ሰው አልነበረም።

አባቷ አባባ ወልደየስ ከመንዝ የመጡት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። መንደራቸው ሰው አልቆበት ነበር፤ የመጨረሻው ጎረቤታቸው ሲሞት የሚቀብረው አጥተው ብቻቸውን ቀበሩትና በራቸውን ዘግተው መጡ። ከተማ መኖር ግን አይፈቀድላቸውም። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው ጥልፉ ይረባበሻል፣ የሌላውንም ውጤት ያበላሻል ተብሎ ወደ ቆላ ወደተሠራው የአረጋውያን ሰፈር ይላካል። ስለዚህ አስካለ ክፍሉ ጥግ ላይ አልጋ አነጠፈችላቸው፣ መጋረጃ ጋረደችላቸው፣ መስኮት እንዳይከፍቱ ለመነቻቸው። ያወቀችው ጎረቤቷ እትዬ ባፈና ብቻ ናት። እትዬ ባፈና የእድር ዳኛ ስለሆነች ሬሳም ሆነ ሕያው ሰው ደብቆ ማቆየት ታውቅበታለች።

«ምን ይደረግ፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ» አለች ሽማግሌውን ያየቻቸው ዕለት። «አንቺ ደግሞ አባትሽን ሸሸግሽ።»

አባባ ወልደየስ ያልመረቁት ነገር ከቤት አይወጣም። በአገራቸው ለዘር የሚወጣ ገብስ፣ ገበያ የሚሄድ በግ፣ ሹም ፊት የሚቀርብ ሰው ሳይመረቅ ደጅ አይረግጥም። እዚህ በግም ገብስም ስለሌለ የአስካለን የሥራ ጓንት፣ የቤቱን ቁልፍ፣ የልጅቱን ቦርሳ ይመርቃሉ። ምንታምር አንድ ሳምንት ሳይሞላት ለመደችው። ከእንቅልፏ እንደነቃች ዐይኗን ሳትገልጥ ሁለት መዳፏን ዘርግታ መጋረጃው ሥር ትቆማለች።

«እደጊ፣ ተመንደጊ» ይላሉ ሳይቸኩሉ። «እንደ ጽድ ቁሚ። ክፉ አይይሽ። የእናትሽ እጅ አይጠርብሽ። ደጅሽ አይዘጋ። ስምሽ አይጥፋ።»

ከዚያ እንትፍ እንትፍ ይሉባታል። እሷም መዳፏን ፊቷ ላይ፣ አፏ ላይ ታብሰዋለች፤ አንዳንዴም ጣቷን ትልሳለች። አስካለም በልጅነቷ እንደዚያው ታደርግ ነበርና ስታየው ደስ ይላታል።

አባቷ ከመጡ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰኞ ሣጥኑ ቢጫ አበራ። «ጥቂት ልዩነት» አለች ሴትዮዋ። አስካለ ብርዱ ይሆናል አለች። ልጅቱን ሁለት ሹራብ አለበሰቻት፣ ወተት ከለከለቻት፣ የታሸገ ውኃ ገዛችላት። በሁለተኛውም ሰኞ ቢጫ ሆነ። ያን ሳምንት የምትሠራበት የቲማቲም ቤት ውስጥ ያልበሰለውን ከበሰለው ጋር ስለለቀመች አለቃዋ ሁለት ጊዜ ጠራት። በሦስተኛው ሰኞ ሌላ ተስፋ ስላልነበራት አባቷ አልጋ ሥር ተንበረከከች።

«አባዬ፣ የዛሬውን ከልብዎ ይመርቁልኝ።»

አባባ ወልደየስ ነገሩ ከባድ መሆኑን ከድምፅዋ አወቁ። ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ልጅቱን ከወትሮው አስረዝመው መረቋት። ከዚያ ከልጅቱ ምላስ ሥር የወጣችውን እንጨት ከአስካለ እጅ ተቀበሉ። «ሹም ቤት የሚሄደው ይሄ አይደል?» አሉና ጥጡ ላይ ደጋግመው እንትፍ እንትፍ አሉበት። አስካለ እጇን ዘርግታ አሜን አለች።

ሣጥኑ ቀይ አበራ።

በነጋታው ክፍለ ከተማው ጠራቸው። የተቀበለቻቸው ባለሙያ ሐመልማል ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ እትዬ አስካለ ይቀመጡ እያለች ወንበር የምታቀርብ። ልጅቱን ውጪ አስቀምጣ ግድግዳው ላይ ሁለት ጥልፍ አበራች። አንዱ ምንታምር የተወለደች ዕለት የተሳለ ነው፤ ሌላው የሰኞው ነው። አስካለ አተኩራ አየች። ክሩ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት አካሄድ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ይታጠፋል። መካከሉ ላይ ሲደርስ ግን በሰኞው ላይ የላላ ሰፊ ቀለበት አለ።

«ይቺ ቀለበት የልጅ አይደለችም» አለች ሐመልማል። «እንደዚህ ዓይነቷን የምናየው በጣም የሸመገለ ሰው ላይ ነው።»

ለአስካለ የአባቷ ከንፈር፣ የልጅቱ መዳፍ፣ የራሷ አሜን ባንድ ጊዜ ታያት። ወዲያው ልትናገር አፏን ከፈተች። ግን ናሙና የቀላቀለ ወላጅ ልጁን እንደማያሳድግ በየአውቶቡሱ ላይ ይነገራል። ሽማግሌውንም ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጭነው ይወስዷቸዋል። ከተናገረች ሁለቱንም ታጣለች። ዝም ካለች የምታጣው አንዱን ነው። አፏን መልሳ ዘጋች።

ሐመልማል ዝምታውን የሐዘን መስሏት ልታጽናናት ፈለገች። የራሷ የሐመልማል እናት ተማሪ ሳለች ማነጻጸሪያው ለማንም ክፍት እንደነበር አወራቻት። ኢንተርኔት ላይ ሁለት ክር ያስገባሉ፤ እሱ ደራርቦ የት ላይ እንደሚለያዩ ያሳያል፤ ልዩነቱ ምን ማለት እንደሆነ ግን ማሰብ የሰው ፋንታ ነበር አለች።

«አሁንስ?» አለች አስካለ።

«አሁን እሱ ነው የሚያስበው።» ሐመልማል ፈገግ አለች። «ግን እንደ ዱሮው ጨካኝ አይደለም። የሰው ሰውነት እንደሚለወጥ ተምሯል። ሦስቱ ናሙናዎች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ማቆያ አልፈረደባትም። አዲስ መነሻ ሰጥቷታል። ከዛሬ ጀምሮ የምንታምር ጥልፍ ይሄኛው ነው።» ጣቷን ቀለበት ባለው ላይ አሳረፈች። የተወለደችበት ጥልፍ ከግድግዳው ላይ ጠፋ።

አስካለ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ስትል ሐመልማል ደንግጣ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

ማታ አስካለ አባቷን ከእንግዲህ ሰኞ ጠዋት ከጥጡ በፊት ምርቃት እንዲቀር ለመነቻቸው። 

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት?»

«አይ አባዬ። ሣጥኑ ነው።»

በሚቀጥለው ሰኞ ልጅቱን አፏን አስጉመጥምጣ፣ እጇን አሳጥባ፣ እንጨቷን በንጹሕ እጅ ይዛ ለሣጥኑ ሰጠች። ጥጡ ላይ ከምንታምር በቀር ማንም አልነበረም። ሣጥኑ ቀይ አበራ። «ይህ ናሙና የምንታምር አይደለም» አለች ሴትዮዋ በወትሮው ድምፅዋ። «ሣጥኑ ሳይዘጋ ባለቤቷን ያቅርቡ።» ልጅቱ ሣጥኑን ቀና ብላ አየችው። «እኔ ነኝ እኮ» አለችው፤ መልስ እስኪሰጣትም ትንሽ ጠበቀች።

አስካለ መጋረጃውን ገለጠች። ያን ጊዜ የገባት ነገር ቀላል ነበር። ለሣጥኑ ልጇ ራሷን የምትመስለው አያቷ ከመረቋት ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ይመርቁ። ቶሎ ይበሉ።»

«እደጊ፣ ተመንደጊ። እንደ ጽድ...»

«ቃሉ ይቅር። ይዘጋል። እንትፍታውን ብቻ።»

አባባ ወልደየስ ልጃቸውን አዩአት። በሕይወታቸው ያለ ቃል ተፍተው አያውቁም። ከዚያ እንዳዘዘቻቸው ጥጡ ላይ ተፉ። አረንጓዴ በራ።

ከዚያ ወዲያ ሰኞ ሰኞ እንደዚያው ሆነ። ማነጻጸሪያው የሚሰጡትን እየተቀበለ መነሻውን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ወደዚያ ያስጠጋ ነበር። የልጅቱ ድርሻ ሲበዛ ቢጫ ያበራል፤ የሽማግሌው ሲበዛ አረንጓዴ። አስካለ ይህን ስታውቅ የልጅቱን ምላስ በጥጡ ጫፍ ብቻ ነካ ታደርግ ጀመር። ኋላ ኋላ ያንንም ተወችው፣ ምንታምርን መቀስቀስም ቀረ። ሰኞ ጠዋት ወደ መጋረጃው ትሄዳለች፤ ሽማግሌው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ጥጡን ከምላሳቸው ሥር አድርጋ ታወጣለች። አንድ ሰኞ ሣጥኑ ከአረንጓዴው በኋላ ምስጋና ጨመረበት። ከሕንፃው ልጆች ሁሉ የተረጋጋ ጥልፍ ያላት ምንታምር ናት አለ። በመተላለፊያው የሰሙት እናቶች ልጅቱን ምን እንደምትመግባት ጠየቋት።

ጠብታው ግን በጥልፍ ልክ የሚቀመም ነውና የምንታምር አሁን ለሸመገለ ሰው የሚሆነው ነበር። ልጅቱ ትምህርት ቤት መምህሯ ፊት ስለምትውጠው አስካለ ልታስተፋት አልቻለችም። ጥር ሳይገባ ምንታምር የደረጃውን ብረት እየተደገፈች መውረድ ጀመረች። ከምሳ በኋላ ወንበሯ ላይ ታንቀላፋለች። ፀጉሯ ፍዝዝ አለ፣ ጉልበቷ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዛታል። የክፍሏ ልጆች አውቶቡስ ውስጥ ስትገባ ብድግ ይላሉ። «እሜቴ፣ ይቀመጡ። ወገብዎ እንዴት አደረ?» ይሏታል። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። በኋላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቼ» ብላ መቀመጥ ለመደች፤ ልጆቹም መሳቅ አቆሙ።

አንድ ቀን አስካለ ሐመልማል ዘንድ ልትናዘዝ ሄዳ ነበር። ደጁ ድረስ ደረሰች። በመስተዋቱ ውስጥ ሐመልማል ለሌላ እናት ወንበር ስታቀርብ፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ጥልፍ ሲበራ አየች። ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። አስካለ ተመለሰች። መንገድ ላይ ለራሷ የነገረችው ልጅቱ ቢያንስ ማታ ማታ ቤቷ እንደምታድር ነው።

ሌላው ጭንቋ ሽማግሌው ናቸው። ብርዱ ጸንቶ ነበር፤ ጠዋት የመስኮቱን መስተዋት ውርጭ ይሸፍነዋል። አባባ ወልደየስ መብላት ተዉ፣ ሳል ያዛቸው። አስካለ ሐኪም ልትጠራላቸው አትችልም፤ በመዝገብ እሳቸው በከተማው ውስጥ የሉም። ምራቃቸውን በብልቃጥ አጠራቅማ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠች። ሣጥኑ ግን ናሙናው የቆየ ነው፣ ክሩ መበጣጠስ ጀምሯል ብሎ መለሰባት። ስለዚህ የምትችለውን አደረገች፤ ሾርባ በማንኪያ ትሰጣቸዋለች፣ እግራቸውን በሞቀ ውኃ ታሻለች፣ በየሰዓቱ ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች። አባት የሚወድ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ግን ትንፋሻቸውን ስታዳምጥ የምትቆጥረው ስንት ሰኞ እንደቀራቸው መሆኑን እሷም እሳቸውም ያውቁ ነበር።

«አስኩ» አሏት አንድ እሑድ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ልጅቱን ጥሪልኝና በቃሉ ልመርቃት። በደንቡ።»

«ነገ ይመርቋታል አባዬ። አሁን አይድከሙ። ለጠዋት ይቆጥቡት።»

ለጠዋት ቆጠቡት።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ አስካለ መጋረጃውን ገልጣ እንጨቷን ይዛ ቀረበች። አባባ ወልደየስ አፋቸው እንደ ልማዳቸው ተከፍቷል። ጥጡን ከምላሳቸው ሥር ካደረገች በኋላ ነው ትንፋሽ እንደሌለ ያወቀችው። ብርድ ልብሱ ሥር ገላቸው ገና ሞቅ ያለ ነበር። ልትጮህ ደረቷ ተነሣ። ሰኞ ናሙና ያልመጣለት ቤት ግን እኩለ ቀን ላይ መኪና ይቆምበታል። ጩኸቷን ዋጠችው። ጥጡን ደርቆ ባገኘችው አፍ ውስጥ አንዴ አዙራ አወጣችና፣ ወደ ሣጥኑ ሄዳ ከተተችው።

ሣጥኑ ከወትሮው ይልቅ ቆየ። አረንጓዴም፣ ቢጫም፣ ቀይም አላበራም። ከዚያ ሴትዮዋ አስካለ ሰምታው በማታውቀው ቀስ ያለ ድምፅ ተናገረች።

«ክሩ ተበጥሷል። ልጅዎ ምንታምር ዛሬ ጠዋት ዐርፋለች። እግዚአብሔር ያጽናዎት። ለእድርዎ አሳውቀናል።»

«ልጄ ተኝታለች» አለች አስካለ። «ይቺውና። በሕይወት አለች።»

«ሐዘንተኞች ብዙ ጊዜ እንደዚህ ይላሉ» አለች ሴትዮዋ። «የሚያጽናና ሰው እንልካለን።» መብራቱም ጠፋ።

ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው እትዬ ባፈና ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ከደረጃው ጀምራ «ምንታምሬ፣ ምንታምሬ፣ የእኔ አበባ» እያለች ደረቷን እየመታች ገባች። በሩ ውስጥ ስትደርስ ምንታምርን በባዶ እግሯ፣ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ፣ እናቷ አጠገብ ቆማ አገኘቻት።  ልጅቱን አየች። የተገለጠውን መጋረጃ አየች፤ ወደ አልጋው ሄዳ የሽማግሌውን ዐይን ከደነች። ስትመለስ አስካለን አንድ ቃል አልጠየቀቻትም። ከደረጃው ላይ የሌሎች ሰዎች ኮቴ ይሰማ ነበር።

«ልጅቱን ጓዳ አስገቢያት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሩን ዝጊ። አንቺም አልቅሺ፤ ሳይለቀስበት የቀረ ቤት ይመረመራል።»

ከዚያ ድምፅዋን ከመጀመሪያው አብልጣ ከፍ አደረገችና የምንታምርን ስም ጠርታ አለቀሰች። መተላለፊያው በሰው ሞላ። አስካለ ያን ጊዜ ጮኸች። ለማን እንደጮኸች የጠየቃት አልነበረም።

ረፋዱ ላይ የእድሩ መኪና ድንኳንና ሣጥን ይዞ መጣ። የሬሳ ሣጥኑ ማነጻጸሪያው በላከው ዕድሜና ቁመት ልክ የተሠራ ነው፤ ነጭ፣ ክዳኑ ላይ አበባ የተለጠፈበት፣ አንድ ሰው በብብቱ ይዞት የሚወጣ። እትዬ ባፈና ሹፌሩን ከበር መለሰችውና ሣጥኑን ራሷ ይዛ ገባች። አልጋው አጠገብ አስቀመጠችው። ሁለቱ ሴቶች አባባ ወልደየስን አዩ፤ ረጅም ሰው ነበሩ።

«ማጠፍ ነው» አለች እትዬ ባፈና፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «የመንዝ ሰው ድሮም በብርድ ተጣጥፎ ነው የሚተኛ።»

ሳያጥፏቸው በፊት አስካለ ወደ ጓዳው ገባች። ምንታምር የዱቄቱ በርሜል አጠገብ ተቀምጣ፣ ውጪ የሚጠራውን ስሟን ታዳምጣለች። ከዛሬ ጀምሮ አውቶቡስ አይከፈትላትም፣ ጠብታ አይቀመምላትም፣ አንድ ሣጥንም አይጠይቃትም። ከምሽቱ በፊት ወዴት እንደሚወስዷት አስካለም እትዬ ባፈናም ገና አላሰቡበትም። ልጅቱ እናቷን ስታይ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፤ ከዚያ ያልተመረቀችበት ጠዋት መሆኑ ትዝ አላትና ሁለት መዳፏን ዘረጋች።

አስካለ መርቃ አታውቅም፤ ምርቃት የአባቷ ነበር። ቢሆንም ከመጀመሪያው ጀመረች፣ ሳትቸኩል፣ አንድም ቃል ሳታስቀር።

«እደጊ፣ ተመንደጊ። እንደ ጽድ ቁሚ። ክፉ አይይሽ። የእናትሽ እጅ አይጠርብሽ። ደጅሽ አይዘጋ።»

«ስምሽ» የሚለው ላይ ስትደርስ አቆመች። ውጪ ድንኳኑ ሥር ሴቶቹ ምንታምርን እየጠሩ ያለቅሱ ነበር፤ ልጅቱም መዳፏን እንደዘረጋች የቀረውን ትጠብቃለች።